ከገና ማግስት የሚገኘው ርካሽ፦ ከአሞሌ ጨው እስከ ማኅበራችን መጋዘን



ገና ሲቃረብ በየዓመቱ የምናደርገው ነገር አለ። ታኅሣሥ 27 እና 28 ገበያ እንወጣለን፤ እንጋፋለን፤ የዶሮውን ደረት ዳሰን፣ ክንፉን ገልጠን እናያለን፤ በመጨረሻም የተጠራብንን ከፍለን እንመለሳለን። እንቁላሉም፣ ሽንኩርቱም፣ ቅቤውም እንደዚያው ነው። በዓሉ አልፎ በዚያው ገበያ ስንመለስ ያንኑ የሚያህል ዶሮ በቀነሰ ዋጋ ሲሸጥ እናይና «ምነው ትንሽ በታገሥን» እንላለን። በየዓመቱ እንላለን፤ በየዓመቱም አንታገሥም።

ልብሱም እንዲሁ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ከጥር 11 በፊት ማንኛዋንም ሴት ወደ ሸማ ተራ ይገፋታል። ጥር 13 ቀን ያው ቀሚስ፣ ያው ጥልፍ፣ ያው ሻጭ ሆኖ ዋጋው ግን ለድርድር ይመቻል። የእስልምና ተከታይ እህቶቻችን በዚህ ይበልጡናል፤ በእኛ በዓል ዋዜማ ገበያ አይጋፉም፣ እኛ ስንጾም ደግሞ የረከሰውን ቅቤና እንቁላል ረጋ ብለው ይገዛሉ።

በዚህ ዕትም እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ስለ ደረሰኝ አያያዝ ልንጽፍላችሁ አስበን ነበር። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነሣው ጥያቄ ግን ሐሳባችንን አስቀየረን። ጥያቄው ከገና በኋላ ስለሚገኘው ርካሽ ነው፦ ርካሹ ከየት ይመጣል? ለማንስ ነው ርካሽ የሚሆነው? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄደን የአገራችንን የገበያ ታሪክ ማገላበጥ ነበረብን። ያገኘነውን እነሆ።

ሁለት ዓይነት ርካሽ

በመጀመሪያ ውጭ አገር ያሉ እህቶቻችን የሚያውቁትን እንመልከት። ፈረንጆች ገናን የሚያከብሩት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። በማግስቱ በእንግሊዝና በካናዳ «ቦክሲንግ ደይ» የሚባል ቀን አለ። ይህ ቀን ድሮ ጌቶች ለሠራተኞቻቸውና ለድሆች በሣጥን ስጦታ የሚሰጡበት ነበር፤ ዛሬ የታላቅ ቅናሽ ቀን ሆኗል። ባለ ሱቁ ለገና ብሎ ያከማቸው ዕቃ ካልተሸጠ መደርደሪያ ይይዝበታል፤ ገንዘቡም ታስሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀንሶ ይሸጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በዚህ መሐል አንድ ዕድል አላቸው። የእኛ ገና ከእነሱ በ13 ቀን ስለሚዘገይ፣ ቅናሹ ከወጣ በኋላ ለልጆቻቸው የገና ልብስና ስጦታ በርካሽ ገዝተው፣ ለታኅሣሥ 29 በሰዓቱ ያደርሳሉ። ለጥምቀት አገር ቤት ከሚመጣው ሻንጣ ውስጥ ስንቱ ከዚያ ቅናሽ የተገዛ ይሆን!

በዚያ ገበያ ዋጋ የሚቀንሰው ባለ ሱቁ ነው፤ የቀነሰበትንም ቀን መርጦታል። ቢከስር እንኳ የሚከስረው ከትርፉ ላይ ነው።

በእኛ በብቸናና በሞጣ ገበያ ግን ከገና በኋላ ዋጋ የሚወርደው በሌላ ምክንያት ነው። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ሳምንታት እህል ተወቅቶ ከአውድማ የሚገባበት ጊዜ ነው። ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ስንዴው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣል። በዚሁ ወቅት ገበሬው የመሬት ግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የሠርግ ወጪና የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ይጠብቀዋል። ቀጥሎ 55 ቀን የሚጾመው ሁዳዴ ሲገባ የቅቤና የእንቁላል ገዢ ይጠፋል። ባልትና የምታውቅ እናት ይህን ጊዜ ጠብቃ ቅቤ ትገዛለች፤ አንጥራ ለፋሲካ ታስቀምጣለች። ለገዢዋ ብልህነት ነው። ሻጯ ግን ዋጋውን የቀነሰችው ወድዳ አይደለም፤ መጠበቅ ስለማትችል ነው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጀምረው። በዓባይ ዙሪያ ያለውን የገበያ ታሪክ ስናየው፣ በየዘመኑ ርካሽ የገዛው መጠበቅ የቻለው ነው፤ በርካሽ የሸጠውም መጠበቅ ያልቻለው ነው።

አሞሌ፦ መንገድ የሚያስወድደው ገንዘብ

አያቶቻችን ገበያ ይዘውት የሚወጡት ገንዘብ የወረቀት ብር አልነበረም። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ በግመልና በአህያ በትግራይ በኩል ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፎ ትቶልናል። እዚያው በቁፋሮው ቦታ በትንሽ ነገር ብዙ አሞሌ ይገዛል፤ ጎጃም ሲደርስ ግን ጥቂት አሞሌ ብዙ እህል ይገዛል። ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላና መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አሞሌው ይወደዳል።

ይህን በሒሳብ ዓይን ብናየው፣ አሞሌ ያለው ሰው ሁለት ነገር አለው፤ ጨውና ጊዜ። እህል ብቻ ያላት ሴት ግን ጨው ለወጧም ለገንዘቧም ስለሚያስፈልጋት ነጋዴው በመጣበት ቀን፣ ነጋዴው ባለው ዋጋ ትለውጣለች።

የዘመኑ ታላቅ ገበያ በደቡብ ጎጃም፣ በየጁቤ አጠገብ ያለው ባሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ብዙ መዝግቧል። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናሪያ በኩል ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ነጋዴው ዓባይን የሚሻገረው በበጋ፣ ውኃው ሲጎድል ነበር፤ በክረምት ወንዙ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ከገና በኋላ ያሉት ወራት በዚያን ዘመንም የገበያ ወራት ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በባሶ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብ የተነዱ ሴቶችና ሕፃናት ከቡናው ጆንያ አጠገብ ቆመው ዋጋ ወጥቶላቸዋል። የሴቶች ማኅበር ሆነን የገበያ ታሪክ ስንጽፍ፣ «ርካሽ» የሚለው ቃል አንድ ዘመን በእህቶቻችን ላይ ይነገር እንደነበር ማስታወስ አለብን።

የሴት ምስል ያለበት ብር

ከአሞሌው ጎን ለጎን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የምንለው ገንዘብ ገባ። ይህ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ወደ 28 ግራም የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው። በየትኛውም ዓመት ቢመታ በላዩ የሚጻፈው 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ብቻ ነበር። የአገራችን ሰው ይህን ብር ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ዳር ዳሩን ይዳስሳል፣ የተፋቀውን ወይም የደበዘዘውን ይመልሳል። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በራሳቸው ምስል ብር ቢያስመቱም ማርትሬዛው በቀላሉ ከገበያ አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪታወጅ ድረስ ሠርቷል።

ገንዘቡ የሴት ምስል ቢኖረውም ብዙ ሴቶች እጅ አልገባም። በገጠሩ ልማድ ከብትና ብዙ እህል የሚሸጠው ወንዱ ነው፤ ሴቷ የምትሸጠው እንቁላል፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ፈትልና ጠላ ነው። አንድ ጠገራ ብር ለእንዲህ ያለ ንግድ በጣም ትልቅ ነው፤ ዝርዝሩ አሞሌ ነበር። ሴቷ የምትሸጠውን ስናስተውለው ደግሞ እንቁላል ይበላሻል፣ ያልተነጠረ ቅቤ ይሻግታል፣ ዶሮ በበሽታ ያልቃል። ማለትም የሴቷ ሸቀጥ ከሁሉ ይልቅ መጠበቅ የማይችል ሸቀጥ ነው። የበዓል ማግስት ዋጋ ሲወድቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚወድቀው የእርሷ ነው።

ሰባራ ድልድይ

መጠበቅ የማይችለው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ መንገዱም አለ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ያለውን ሰባራ ድልድይ የማታውቅ አባል የለችንም። ጎጃምን ከቤጌምድር፣ በዛሬው አጠራር ከደቡብ ጎንደር ጋር ያገናኛል። በአፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ባለው ጊዜ ውስጥ በድንጋይና በኖራ እንደተሠራ ይነገራል። ለብዙ ዘመናት የማዶው ሰው ክረምት ከበጋ በላዩ አልፎ ሞጣ ገበያ ይመጣ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት የድልድዩን ቅስት አፈረሱት። ለአገር ነጻነት የተከፈለ ዋጋ ነውና ማንም አይወቅሳቸውም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ድልድዩ እንደ ተሰበረ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። በተሰበረው ቅስት በዚህና በዚያ ወንዶች ቆመው ገመድ ይስባሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡ ታስሮ ከዓባይ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። እህሉም፣ ዶሮውም፣ በሽተኛውም የሚያልፈው በዚሁ ገመድ ነበር።

እናቶቻችን ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ አንድ ነገር ይደጋግማሉ። በገመድ ተሻግራ የመጣች ሴት ገበያው ቢወድቅባትም ዕቃዋን ይዛ አትመለስም። ጆሮዋ ላይ የዓባይ ድምፅ እያለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ ስላለባት፣ ማታ ሲሆን የሰጧትን ተቀብላ ትሄዳለች። የሞጣ ገዢም ይህን ያውቃል፤ «የማዶዎቹ እስኪቸኩሉ ጠብቂ» የሚል ምክር በየቤቱ ነበር። ይህ ምክር ከገና በኋላ ለሚገኘው ርካሽ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ሰዎች በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትስ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ይህን ፎቶ አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 የተሰበረው ቅስት በብረት ተጠገነ። ብረቱን ወደ ሸለቆው ያወረዱት የአካባቢው ሰዎችና አህዮቻቸው ናቸው። በ2005 የዓባይ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 ደግሞ ከጎርፍ ከፍ ያለ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እነዚህ ሦስት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ድልድዩ ያመጣው ለውጥ መሻገርን ብቻ አይደለም። መመለስ መቻልንም አምጥቷል። ዋጋው ያልተስማማት ሴት ዶሮዋን ይዛ ወደ ቤቷ መመለስ፣ በሚቀጥለው ገበያ ደግማ መምጣት ቻለች። በሒሳብ መዝገብ የማይጻፍ ትልቅ ሀብት ይህ ነው፤ «አልሸጥም» ማለት መቻል።

ግብር፣ ኮታ፣ ዕዳ

ድልድይ ብቻውን ግን አልበቃም። ገበሬው ከገና በኋላ እንዲሸጥ የሚያስገድደው ሌላም ነገር ነበር።

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ጎጃም እምቢ አለ፤ ሞጣና ብቸና ካመፁት አውራጃዎች ዋነኞቹ ነበሩ። ዋናው ሥጋት መሬታችን ይለካል፣ ርስታችን ይነጠቃል የሚል እንደነበር ይታወቃል፤ በሹማምንት ላይ የነበረው ምሬትም ታክሎበታል። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ልኮ ነበር፤ በመጨረሻ ግን አዋጁን ከማስፈጸም ተቆጠበ፣ ውዝፍ ግብርም ማረ። በዚህ ታሪክ እኛን የሚመለከተን አንድ ጠባብ ነጥብ አለ፦ ግብር በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል፤ ጥሬ ገንዘብ የሚገኘው እህል ሲሸጥ ነው፤ ሁሉም ለአንድ ቀነ ገደብ ሲሸጥ ዋጋ ይወድቃል።

በደርግ ዘመን ደግሞ ገበሬው መንግሥት በተመነለት ዋጋ እህል በኮታ ያስረክብ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር፤ ብዙ አባሎቻችን በልጅነታቸው ያዩት ነው። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው።

ገበያው ነጻ ከሆነ በኋላስ? በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገሪቱ ጥሩ ምርት ተገኘ፤ የበቆሎ ዋጋ ግን ክፉኛ ወደቀ። ምርት የሞላለት ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ የጎተራውን ብቻ ሳይሆን ከብቱንም የሸጠ ነበር። ያ ውድቀት በአገሪቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ለጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መቋቋም ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነበር። በዚያው ዓመት በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ ተመረቀ። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ የሚያልፈው መንገድ የአዲስ አበባን ጭነት መኪና ወደ ገበያችን ያመጣል። መኪናው ሲመጣ የጤፋችን ገዢ ይበዛል፤ በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ግን ዋጋው በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደሚለወጥ ባለፉት ዓመታት በዓይናችን አይተናል።

ሁለቱ ደብተሮች

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ።

ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ማኅበራችን ከቁጠባው ገንዘብ ከፍሎ ጤፍና ሽምብራ እንዲገዛ ወስናችሁ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ በጥር በርካሽ ገዝተን በክረምት፣ ሁሉ ነገር በሚወደድበት ጊዜ፣ ለአባላት ከገበያው በትንሹ ቀንሰን እንሸጣለን። ሽምብራው ላይ ነቀዝ ወርዶ ጥቂት ከሰርን። ጤፉ ግን በቅንጣቱ ማነስ ነቀዝ ስለማይደፍረው ደኅና ቆየ። በሐምሌና በነሐሴ ሸጥን፤ አተረፍን። በጠቅላላ ጉባኤው ትርፉን ስናነብ ተጨበጨበ። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራን።

ያን ጊዜ ከወደ ዓባይ በኩል የምትመጣ አንዲት እህታችን እጇን አወጣች። «አትቀየሙኝ እህቶቼ» አለች። «ያ ጤፍ የእኔ ነው። በጥር የማዳበሪያ ዕዳዬን ልከፍል ለማኅበሩ ሸጥኩት። በሐምሌ ጎተራዬ ሲያልቅ ከማኅበሩ ገዛሁት። ከእኔው ገዝታችሁ ለእኔው ሸጣችሁ፤ ያተረፋችሁት ከእኔ ነው።»

አዳራሹ ዝም አለ። እኛ ወደ ደብተሮቻችን ተመለስን። የእህታችን ስም በጥር በግዢ ሰነድ ላይ አለ። በሐምሌ በሽያጭ ደረሰኝ ላይ አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ፊርማው ተሟልቷል፣ ድምሩም ልክ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ደብተሮች አንድ ላይ ገልጠን ስሞቹን አስተያይተን አናውቅም ነበር። ስናስተያይ እርሷ ብቻ አልነበረችም። በጥር ከሸጡልን አባላት ብዙዎቹ በክረምት ገዢዎቻችን ነበሩ።

የማዶዋን ሴት እስክትቸኩል የሚጠብቃት የድሮ ገዢ ባዕድ ነበር፤ አያውቃትም። እኛ ግን እናውቃታለን፤ በየሳምንቱ አብራን ትቆጥባለች።

ምን እናድርግ?

ከዚያ ጉባኤ በኋላ የሒሳብ ክፍሉ ያዘጋጀው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው ስብሰባ የምትወስኑበት ስለሆነ በግልጽ እናስቀምጠው።

አባሏ በጥር ጤፏን አትሸጥልንም፤ መጋዘን ታስቀምጣለች። ጤፉ የእርሷ ሆኖ ይቆያል። ማኅበሩ ለዕዳዋ የሚሆን ብድር በጤፉ ዋስትና ይሰጣታል። በክረምት ጤፉ ይሸጣል ወይም ራሷ ትወስደዋለች፤ ብድሩና ወጪው ተቀንሶ ቀሪው የእርሷ ነው።

ለመረዳት እንዲቀል በምሳሌ እንቁጠር። የጥሩን ዋጋ 100 ብር እንበለው። 60 ብር እናበድራታለን። የከረጢት፣ የተሸካሚና የጥበቃ ወጪ 8 ብር፣ ወለዱ 5 ብር ይሁን። በነሐሴ ዋጋው 130 ቢሆን፣ ብድሩ 60ና ወጪው 13 ሲቀነስ 57 ብር ይደርሳታል። ከመጀመሪያው 60 ጋር 117 ብር አገኘች ማለት ነው። በጥር ሸጣ ቢሆን 100 ነበር። ማኅበሩ ደግሞ በአሮጌው አሠራር ያገኘው የነበረውን ሙሉ ልዩነት ትቶ ወለዱን 5 ብር ያገኛል።

ዋጋው ባይጨምርስ? 90 ቢሆን የሚደርሳት 17 ብር ብቻ ነው፤ ከ60 ጋር 77። በጥር ብትሸጥ ከምታገኘው 23 ብር ጎደለ። ብድሩ ለማኅበሩ ይመለሳል፤ ጉዳቱ ግን በእርሷ ላይ ይወድቃል። በዚህ ምሳሌ ዋጋው ከ113 ብር በላይ ካልወጣ መጠበቅ አያዋጣም። ከላይ ያነሣነው የ1994 ዓ.ም. ታሪክ ዋጋ ሁልጊዜ በሚጠበቀው መንገድ እንደማይሄድ ያስተምረናል። ስለዚህ አንዲት አባል ያላትን ሁሉ ሳይሆን ከፊሉን ብቻ እንድታስቀምጥ እንመክራለን። ለጊዜው ጤፍ ብቻ እንጂ ሽምብራና ባቄላ እንዳንቀበልም እንጠይቃለን፤ አየር የማያስገባ ከረጢት በበቂ እስክናገኝ ድረስ ነቀዝን አናሸንፈውም።

ይህን ስናቀርብ ተቃውሞ እንዳለም እናውቃለን። ከተማ የምንኖር አባላት እህል አናመርትም፤ ገዢዎች ነን። ማኅበሩ በጥር ገዝቶ ቢያከማችልን በክረምት በርካሽ እናገኝ ነበር። በአዲሱ አሠራር ይህ ጥቅም ይቀንስብናል። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። ማኅበሩ የጋራችን ነውና የከተማዋም ልጅ እንጀራ ያሳስበናል። ለዚህም በቁጠባችን ተሰባስበን፣ የሚሸጠው አባል በማይገደድበት ጊዜ፣ በጅምላ ከገበያ ብንገዛ የተሸካሚና የደላላ ወጪ ይቀንስልናል። ያ ርካሽ ከማንም እህት ዕዳ ላይ የመጣ አይደለም።

ደጋፊዎቻችን ይህን ጽሑፍ ስታነቡ አንድ ነገር እንድታስተውሉልን እንወዳለን። ባለፈው ዓመት በላክንላችሁ ሪፖርት ላይ «ከእህል ንግድ የተገኘ ትርፍ» የሚል መስመር ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው። ከየት እንደመጣ ግን አሁን ነው የነገርናችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ያ መስመር ካነሰ፣ ሥራው ስለደከመ አይደለም።

ለራሳችን ለቤት እመቤቶቹም ምክር አለን። የገናውን ዶሮ ቀደም ብላችሁ በጾሙ መካከል ግዙ፤ የጥምቀቱን ቀሚስ ተረቱን ረስታችሁ ከጥር 12 በኋላ ለሚመጣው ዓመት ግዙ፤ ቅቤውን በሁዳዴ አንጥራችሁ አስቀምጡ። መቆጠብ መልካም ነው። ሻጯ ግን ፀሐይዋን ቀና ብላ እያየች የምትቸኩል ከሆነ፣ የመጨረሻዋን ሁለት ብር አትከራከሩ።

ስብሰባው ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ይደረጋል። ሁለቱን ደብተሮች፣ የግዢውንና የሽያጩን፣ ጠረጴዛው ላይ ገልጠን እንጠብቃችኋለን። ስማችሁን በሁለቱም ውስጥ ፈልጉ።

ቸር ያገናኘን።

ከማኅበሩ ሒሳብ ክፍል